ሕጉን ማንም ያልነገረው ተማሪ፦ ጨዋታ የስደተኛ ልጆችን የትምህርት ችግር እንዴት ያሳያል?

በአንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ አምስት ጠረጴዛዎች አሉ። በየጠረጴዛው አራት አምስት ሰዎች ተቀምጠው ቀላል የካርታ ጨዋታ ይማራሉ። ሕጉ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ተሰጥቷቸዋል። ጥቂት ደቂቃ ያነቡታል፣ አንድ ሁለት ዙር ይለማመዳሉ፣ ከዚያ ወረቀቱ ይሰበሰባል። ከዚህ በኋላ መናገር ክልክል ነው። በእጅ ማመልከትና ሥዕል መሣል ይፈቀዳል፤ ቃል መጻፍ ግን አይቻልም። ትንሽ እንደተጫወቱ ብዙ ያሸነፈው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ያልፋል፣ የተሸነፈው ወደ ኋላ ይመለሳል።

ጭቅጭቁ የሚነሣው ሰው ሲቀያየር ነው። አዲስ የመጣው ተጫዋች አሸነፍኩ ብሎ ካርታውን ሊሰበስብ እጁን ሲዘረጋ ሌላው ቀድሞ ያነሣበታል። ግንባር ይቋጠራል፣ ጠረጴዛ ይመታል፣ ጣት ይቀሰራል። ለካስ የየጠረጴዛው ሕግ በጥቂቱ የተለያየ ኖሯል! በአንዱ ጠረጴዛ አስ ከሁሉም ይበልጣል፣ በሌላው ከሁሉም ያንሳል። በአንዱ ከአራቱ የካርታ ዓይነቶች አንዱ ሌሎቹን ሁሉ ይበላል፣ በሌላው እንዲህ ያለ ነገር የለም። ይህን ግን ለማንም የነገረ የለም።

ጨዋታው ባርንጋ ይባላል። ስሙ የተገኘው ከላይቤሪያዋ ከተማ ከግባርንጋ ሲሆን፣ ትውልደ ሕንዱ ሲቫሳይላም ቲያጋራጃን ሐሳቡን ያፈለቀው እ.ኤ.አ. በ1980 እዚያ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ መምህራንን፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞችንና ከተለያዩ አገሮች ከመጡ ቤተሰቦች ጋር የሚውሉ ሰዎችን ለማሠልጠን በብዙ ቦታ ያገለግላል።

ከጨዋታው ይልቅ ቁም ነገሩ ያለው ከጨዋታው በኋላ በሚደረገው ውይይት ላይ ነው። አወያዩ «ያኔ ምን ተሰማህ? ያ ሰው ምን እያደረገ መሰለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚበዛው መልስ «አጭበረበረ መሰለኝ» ወይም «ሕጉ አልገባውም መሰለኝ» የሚል ነው። «የተማረው ሕግ ከእኔ የተለየ ይሆን?» ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነው። ሌላም ነገር ይወጣል። ነባሮቹ ቁጥራቸው ስለሚበዛ ትክክለኞቹ እነርሱ እንደሆኑ አይጠራጠሩም፤ መጤው ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ እጁ ከተመለሰ በኋላ መሞከር ትቶ ሌሎቹ የሚያደርጉትን እያየ ዝም ይላል። አስተማሪ ይህን ዝምታ በራሱ ላይ ሲያየው፣ ከክፍሉ በስተኋላ ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ልጅ የሚያይበት ዓይን ሊለወጥ ይችላል።

አሁን ወደ እውነተኛው ትምህርት ቤት እንምጣ። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ ከአዲስ አበባ ወደ ቨርጂኒያ የመጣች አንዲት የ16 ዓመት ልጅ እናስብ። አገር ቤት ሕጉን አሳምራ ታውቀዋለች። ተማሪው በአንድ ክፍል ተቀምጦ ይውላል፣ እየተፈራረቁ የሚገቡት መምህራኑ ናቸው። መምህር ሲቆጣ አንገት መድፋት ጨዋነት ነው፤ ዓይን ዓይኑን ማየት ድፍረት ይሆናል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈው በደብተር ይገለበጣል፣ ይጠናል። ዕጣ ፈንታዋን በዋናነት የሚወስነው የመጨረሻው ፈተና፣ በተለይም ብሔራዊው ፈተና ነው። ስለዚህ ጎበዝ ተማሪ ጉልበቱን ቆጥቦ ለፈተና ሰሞን ያውለዋል።

አሜሪካ ስትደርስ በየክፍለ ጊዜው ከክፍል ወደ ክፍል የምትሮጠው እርሷ ናት። መምህሩ ዓይኑን ካላየችው የምታዳምጠው አይመስለውም። እጇን አውጥታ ካልተናገረች የተሳትፎ ነጥብ ልታጣ ትችላለች። ከሁሉ የሚከፋው የሆምወርክ ነገር ነው። በየዕለቱ የሚሰጠው ሥራ እየተደመረ ወደ ውጤቷ ይገባል፤ ያላስረከበችው በብዙ ቦታ ዜሮ ሆኖ ይመዘገባል። በመጨረሻው ፈተና አንደኛ ብትወጣ እንኳ የሦስት ወሩን ዜሮ ላትሸፍነው ትችላለች። ይህን ያላወቀች ልጅ እንደ ሰነፍ ትቆጠራለች፤ በአገሯ ሕግ ግን በደንብ እየተጫወተች ነበር።

የክሬዲት፣ ማለትም ተማሪ ኮርስ ሲያልፍ የሚያዝለት ነጥብ፣ ጉዳይ ደግሞ አለ። በቨርጂኒያ መደበኛውን የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ለማግኘት 22 ክሬዲት ያስፈልጋል፣ በዋሽንግተን ዲሲ 24። አገር ቤት 10ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ የትምህርት ማስረጃዋ ተተርጉሞ ካልተገመገመላት 9ኛ ክፍል ልትመደብ ትችላለች። ወላጅ «ልጄ ወደ ኋላ ተመለሰች» ብሎ ያዝናል እንጂ ከካውንስለሩ (ከትምህርት ቤቱ አማካሪ) ጋር ቁጭ ብሎ የትኛው ኮርስ እንደተያዘላት፣ የትኛው እንዳልተያዘላት ወረቀት አስወጥቶ መጠየቅ እንደሚቻል የነገረው የለም። ዝም ብሎ የሚያልፈው ፍላጎት ስላጣ አይደለም፤ እርሱም ሕጉን አልተማረም።

የሕግን ነገር የሚያሳይ ሌላ የታወቀ ጨዋታ አለ፤ ስታርፓወር ይባላል። ጋሪ ሸርትስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1969 የሠራው ነው። ተጫዋቾች ባለቀለም ቺፖች እየተለዋወጡ ነጥብ ያሰባስባሉ፤ እንደ ነጥባቸውም በሦስት ደረጃ ይመደባሉ። ቺፖቹ በዕጣ የተከፋፈሉ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ገና ከመነሻው ለአንዳንዶቹ የተሻለው ደርሷቸዋል። ጥቂት ዙር ካለፈ በኋላ ከላይ ያለው ቡድን የቀጣዩን ዙር ሕግ እንዲያወጣ ሥልጣን ይሰጠዋል። ያኔ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ሕግ ከላይ ያሉትን ከላይ የሚያቆይ ነው። ከታች ያሉት ወይ ያምፃሉ፣ ወይ ጨዋታውን ይተዉታል። ባርንጋ ሕግ እንደሚለያይ ሲያሳይ፣ ይኸኛው ሕጉን ማን እንደሚያወጣ ይጠይቃል።

ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ከጨዋታ ክፍልም አልፎ ፍርድ ቤት ደርሷል። በሳን ፍራንሲስኮ እንግሊዝኛ የማይችሉ 1,800 ገደማ የሚሆኑ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ምንም የቋንቋ ድጋፍ ሳይሰጣቸው ከሌሎቹ ጋር ይማሩ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 ላው የተባለ ተማሪ በኒኮልስ ላይ ባቀረበው ክስ ውሳኔ ሰጠ። ለሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍ፣ አንድ ዓይነት ክፍልና አንድ ዓይነት መምህር ማቅረብ ብቻውን እኩልነት አይሆንም አለ፤ ቋንቋው ያልገባው ልጅ ከትምህርቱ ውጭ ነውና። ዛሬ ልጆቻችን የኢኤስኤል (እንግሊዝኛ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ) ክፍል የሚያገኙበት መብት ዋነኛ መሠረት ከሆኑት አንዱ ይህ ውሳኔ ነው።

እስካሁን የተነጋገርነው ትልልቅ ሰዎች ራሳቸውን በልጁ ቦታ ስለሚያስቀምጡባቸው ጨዋታዎች ነው። ሌላ ዓይነትም አለ፤ መምህሩ ከልጁ ጋር ተቀምጦ እየተጫወተ ልጁን የያዘው ምን እንደሆነ የሚፈልግበት። በእኔ እምነት ከሁለቱ የበለጠ ጥቅም ያለው ይኸኛው ነው፤ ታሪኩም ከእኛው ልጆች ጋር የተያያዘ ነው።

ሮማንያ ተወልዶ ወደ እስራኤል የሄደው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሩቨን ፎየርስታይን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከናዚ ጭፍጨፋ የተረፉና ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ልጆችን ይመረምር ነበር። በተለመደው የአእምሮ ችሎታ ፈተና ብዙዎቹ በጣም ዝቅተኛ ውጤት አመጡ። ፎየርስታይን ግን ፈተናውን እንደ ፍርድ አልተቀበለውም። «ልጁ አሁን ምን ያውቃል?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ «ቢያስተምሩት ምን ያህል ይማራል?» ብሎ ጠየቀ። ዘዴውም ሦስት ደረጃ ያለው ሆነ፦ መጀመሪያ መፈተን፣ ቀጥሎ አብሮ ተቀምጦ እንዴት እንደሚታሰብ ማስተማር፣ በመጨረሻ ደግሞ እንደገና መፈተን። መርማሪው እንደ ዳኛ ፊቱን አኮሳትሮ መቀመጡ ቀርቶ ይጠይቃል፣ ይጠቁማል፣ ያበረታታል።

በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሲገቡ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይኸው ጥያቄ እንደ አዲስ ተነሣ። በሰሎሞን ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ተጓጉዘዋል። ብዙዎቹ ከጎንደር ገጠር የመጡ ነበሩ፤ እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ፣ ወረቀት ላይ የተሣለ ባለ ብዙ ማዕዘን ቅርጽ አይተው «የጎደለውን ምረጥ» የሚል ጥያቄ ገጥሟቸው የማያውቅ ልጆችና ጎልማሶች ነበሩባቸው። በእንዲህ ዓይነቱ ፈተና መጀመሪያ ያመጡት ውጤት ከእስራኤል ተወላጆች በጣም ያነሰ ነበር። በፎየርስታይን ዘዴ አጭር ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ ግን ውጤታቸው በከፍተኛ ደረጃ አደገ።

ዴቪድ ጹሪኤል የተባለው እስራኤላዊ ተመራማሪ ይህንኑ ለትንንሽ ልጆች በሚስማማ መንገድ ሠራው። ለልጁ ጣሪያቸው ባለቀለም የሆኑ ቤቶች ይቀርቡለታል፤ የትኛው ሥዕል በየትኛው ቤት እንደሚገባ ፍንጮቹን እያገናዘበ ይፈልጋል። በዚህ ቤት ከሌለ በዚያኛው መሆን አለበት እያለ ነው የሚሄደው። መልኩ ጨዋታ ነው፤ ውስጡ ግን የማመዛዘን ትምህርት ነው። ጹሪኤልና የሥራ ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት ኢትዮጵያውያን የአንደኛ ክፍል ልጆችን እስራኤል ከተወለዱ ልጆች ጋር አነጻጽሯል። ከትምህርቱ በፊት በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት ነበር፤ ከጥቂት ትምህርት በኋላ ልዩነቱ በጣም ጠበበ።

ይህ ግኝት ለአንድ እናት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። ልጇ በመጀመሪያው ፈተና ብቻ ቢመዘን ኖሮ «የአእምሮ እድገቱ ዘገምተኛ ነው» ተብሎ ወደ ልዩ ትምህርት ክፍል ይላክ ነበር። የኢትዮጵያውያን ልጆች ከቁጥራቸው ድርሻ በላይ ወደ ልዩ ትምህርት መላካቸው በእስራኤል ለረጅም ጊዜ ሲያወዛግብ የኖረ ጉዳይ ነው። በሁለተኛው ፈተና ሲታይ ያው ልጅ የጎደለው ልምድ እንጂ ችሎታ እንዳልሆነ ይታወቃል። በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል ያለው ርቀት የአንድ ልጅ ዕድሜ ሙሉ ነው።

የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ያታልላል። የካናዳው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ሲያስረዳ የቆየው ስለ ሁለት ዓይነት የቋንቋ ችሎታ ነው። አንዱ በመጫወቻ ሜዳና በምሳ ሰዓት የሚነገረው ነው፤ ስደተኛ ልጅ ይህን በሁለት ዓመት ገደማ ይይዘዋል። ሌላው የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ነው፤ ይኸኛው አምስት፣ ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ከሚንስ ከ400 በላይ የስደተኛ ልጆችን የሥነ ልቦና ምርመራ ሰነዶች ሲያይ፣ ልጁ አቀላጥፎ ሲያወራ የሰሙ መምህራንና መርማሪዎች የቋንቋ ችግር እንደሌለበት ገምተው በትምህርት የወደቀበትን ምክንያት በአእምሮው ላይ ሲያሳብቡ አገኛቸው። ቤት ውስጥ ወላጅም ይህንኑ ስሕተት ይሠራል፤ «እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል፣ ታዲያ ለምን ይወድቃል?» እያለ ይቆጣል።

ይህን ለመምህራን ለማሳየት ከሁሉ የቀለለው ጨዋታ ወጪ የሌለው ነው። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ወይም አስተርጓሚ መምህራኑን እንደ ተማሪ አስቀምጦ የአሥር ደቂቃ የሒሳብ ትምህርት በአማርኛ ብቻ ይስጣቸው። ጥያቄው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ 6 ሰዓት ደረሰ። ስንት ሰዓት ተጓዘ?» ቁጥሮቹን ያያሉ፤ የሚጠየቁት ምን እንደሆነ አያውቁም። ደፋሩ መምህር ቁጥሮቹን ይደምር ይሆናል፤ ሌላው የጎረቤቱን ወረቀት ሰርቆ ያያል። ቀጥሎ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይተርጎምላቸው። አሁንም ይደናገራሉ፤ ጠዋት 12 ሰዓት በእነርሱ አቆጣጠር ንጋት 6 ሰዓት፣ ከቀኑ 6 ሰዓትም እኩለ ቀን መሆኑን ማን ነገራቸው? ትርጉም ብቻውን የማይፈታው ነገር እንዳለ የሚገባቸው ያን ጊዜ ነው። የእኛ ልጆችም በተራቸው ዳይም የምትባለው የ10 ሳንቲም ገንዘብ ኒክል ከምትባለው የ5 ሳንቲም በመጠን እንደምታንስ በማያውቁበት ጊዜ በሥዕል የቀረበ የገንዘብ ጥያቄ ይሳሳታሉ፤ ሒሳቡን ግን ያውቁታል።

ከወላጆች ጋር ለሚደረግ ስብሰባ ደግሞ ገበጣን አስባለሁ። ገበጣ ከቦታ ቦታ ሕጉ ይለያያል፤ ታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ ዓይነቶቹን ሰብስቦ በአንድ ሰፊ ጽሑፍ አውጥቷል። ሦስት ጠረጴዛ ላይ በሦስት ዓይነት ሕግ አስቀምጦ ወላጆችን፣ መምህራንንና ተማሪዎችን ቀላቅሎ እንደ ባርንጋ ያለ ንግግር ማጫወት ይቻላል። አባትና መምህር እኩል ግራ ሲጋቡ ወሬው ይቀላል፤ የሆምወርኩንና የክሬዲቱን ጉዳይ ለማንሣት ከዚያ የተሻለ ሰዓት አይገኝም።

ይሁን እንጂ ጨዋታ ጉዳትም አለው፤ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ሰዎች ዓይናቸውን ተሸፍነው ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው የአካል ጉዳተኛን ሕይወት «ሲሞክሩ» ምን እንደሚከተል መርምሯል። ተሳታፊዎቹ ርኅራኄ ጨመረባቸው፤ ከዚያ ጋር ግን ጉዳተኛ መሆን አቅም ማጣት ነው የሚል ስሜትም አደረባቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለአሥር ደቂቃ ዓይኑን የተሸፈነ ሰው የሚቀምሰው የመጀመሪያውን ድንጋጤ ብቻ ነው፤ ዓይነ ስውር ሰው በዓመታት ያዳበረውን ብልሃት አያይም። የስደተኛ ተማሪ ጨዋታም እንዲሁ ነው። ግራ መጋባቱን ብቻ ካሳየ መምህሩ «አሳዛኝ ልጆች» ይልና የሚጠብቅባቸውን ያሳንሳል። ቀን ትምህርት ቤት ውላ፣ ከሰዓት በኋላ እናቷን ክሊኒክ አስተርጉማ፣ ማታ ታናሽ ወንድሟን የምታስጠና ልጅ ምን ያህል ችሎታ እንዳላት ከውይይቱ ካልወጣ ጨዋታው ግማሹን ደብቋል።

በረሃ ያቋረጠ፣ ባሕር የተሻገረ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ጉዞውን በጨዋታ መልክ ማቅረብ ፈጽሞ ትክክል አይመስለኝም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የስደተኛን ጉዞ የሚያሳይ የኮምፒውተር ጨዋታ አውጥቶ ነበር። ስደት ለማያውቁ ወጣቶች የሚያስተምር ሊሆን ይችላል፤ ያንን መንገድ በእግሩ ለመጣ ልጅ ግን ቁስል መንካት ነው። ልጁን «አንተ ንገራቸው» ብሎ ማስነሣትም እንዲሁ። ራሱ ሊናገር ከፈለገ ይናገር።

ወላጆች ከዚህ ሁሉ ጋር አብረው ሊያውቋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በአሜሪካ ትምህርት ቤት ልጅን ለልዩ ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ለመመርመር የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ምርመራውም የማይቻል ካልሆነ በስተቀር በልጁ ቋንቋ መካሄድ እንዳለበት የፌዴራሉ ሕግ ያዛል። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንዲያስተናግዷቸው ከሚጠበቁ ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስለዚህ በስብሰባ ላይ ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይቀመጡ፤ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ልጅዎ ይመርመር ሲባሉም «የሚፈተነው በየትኛው ቋንቋ ነው? ካስተማራችሁት በኋላ ደግማችሁ ታዩታላችሁ?» ይበሉ።

ለመምህራንና ለማኅበራት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ጨዋታው በተጠናቀቀ በሳምንቱ የተለወጠ ነገር ከሌለ ሰው አዝናንቷል እንጂ አልጠቀመም። የሚለወጠው ትልቅ መሆን የለበትም። አዲስ ለመጣ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠው፦ ሆምወርክ በውጤት ላይ እንደሚቆጠር፣ ያለፈውን ሥራ ዘግይቶ ማስረከብ ይቻል እንደሆነ፣ ስንት ክሬዲት እንደሚፈለግና ስንቱ እንደተያዘለት፣ ጥያቄ መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ፣ የካውንስለሩ ቢሮ የት እንደሆነ። ወረቀቱን ሲያዘጋጁ እዚያው ትምህርት ቤት ሁለት ሦስት ዓመት የቆዩ ልጆችን ይጠይቁ፤ የትኛው ሕግ ሳይነገራቸው ቀርቶ ዋጋ እንዳስከፈላቸው ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።